ሌቭል ማችንግ ምንድን ነው? የሄድፎን አምፕሊፋየር ከማወዳደር በፊት

ሌቭል ማችንግ ማለት ሁለት የድምፅ መሣሪያዎችን ከማወዳደር በፊት የሁለቱን የድምፅ መጠን እኩል ማድረግ ነው። ነገሩ ይኸው ነው። ግን በኪስ የሚያዙ የሄድፎን አምፕሊፋየሮችን የሚያወዳድሩ ብዙ ሰዎች ይህችን እርምጃ ይዘሏታል። እሷ ከተዘለለች ደግሞ «ይሄኛው ይሻላል» የሚለው ፍርድ ሁሉ መሠረት የለውም ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ስለ መሣሪያው ትንሽ እንበል። የሄድፎን አምፕሊፋየር ደካማውን የሙዚቃ ሲግናል ተቀብሎ ሄድፎን ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ኃይል ይሰጠዋል። አንዳንዱ የራሱ ባትሪ ያለው ትንሽ ሳጥን ነው። አንዳንዱ ደግሞ ስልክ ቻርጅ በምናደርግበት ቀዳዳ የሚሰካው፣ ዶንግል የምንለው ነው። ዶንግሉ ውስጥ ዲጂታሉን ሙዚቃ ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይር ቺፕም አለ። አፕል በ2016 ከአይፎን 7 ላይ የጆሮ ማዳመጫውን ቀዳዳ ካነሳ ወዲህ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ገበያውም በዶንግል ሞላ። ዋጋው ከጥቂት ዶላር ተነስቶ ብዙ መቶ ዶላር ይደርሳል። ታዲያ ውድና ርካሹን ጎን ለጎን አድርጎ መስማት የማይፈልግ ማን አለ?

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጆሯችን ከፍ ያለውን ድምፅ ይመርጣል። የሁለቱ ልዩነት ትልቅ ከሆነ ቮሊዩም መሆኑ ወዲያው ይገባናል። አሳሳቹ ትንሹ ልዩነት ነው፤ ግማሽ ዴሲቤል፣ አንድ ዴሲቤል የሚሆነው (ዴሲቤል የድምፅ መጠን ልዩነት የሚለካበት ነው)። ይህን ያህል ሲሆን ሰው «ይሄኛው ጮክ ይላል» አይልም። «ይሄኛው ጥርት ያለ ነው፣ ባሱ ይመታል፣ ዘፋኙ ፊቴ የቆመ ይመስላል» ነው የሚለው። እየዋሸ አይደለም። እውነትም እንደዚያ ነው የሚሰማው።

ለዚህ ምክንያት አለው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች በ1933 ባወጡት ጥናት ጆሮ ሁሉንም ድምፅ እኩል እንደማይሰማ አሳዩ። ሙዚቃ ዝቅ ሲል ባሱ ከመካከለኛው ድምፅ ቀድሞ ከጆሮ ይጠፋል። ከፍ ሲል ደግሞ ቀድሞ የሚሞላው ባሱ ነው። ስለዚህ ቮሊዩም መጨመር የሙዚቃውን ቅርፅ ራሱን ይቀይረዋል። በዚያ ላይ በዙሪያችን ሁልጊዜ ጫጫታ አለ፤ መኪናው፣ ጄኔሬተሩ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን። ድምፁ ትንሽ ከፍ ሲል በጫጫታው ተውጠው የነበሩ ረቂቅ ነገሮች ብቅ ይላሉ። የዘፋኙ ትንፋሽ፣ የማሲንቆው ደጋን ጭራውን ሲነካ የሚያሰማው ፍትጊያ። ሰሚው ይህን የአምፕሊፋየሩ ችሎታ አድርጎ ይወስደዋል።

«እኔ ግን ሁለቱንም እኩል ቮሊዩም ላይ አድርጌ ነው ያወዳደርኩት» የሚል ይኖራል። እኩል ቁጥር ላይ ማድረግ እኩል ድምፅ አይሰጥም። ግማሽ ላይ ያለ የአንዱ ቮሊዩም ከሌላው ግማሽ ጋር አይገናኝም፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ሲግናሉን የሚያጎላበት መጠን ይለያያል። ጥሩ ምሳሌ የአፕል የዩኤስቢ ሲ ዶንግል ነው። አሜሪካ የሚሸጠው ሙሉ ቮሊዩም ላይ 1 ቮልት ገደማ ያወጣል። አውሮፓ የሚሸጠው ግን የዚያን ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። እዚያ የጆሮን ጤና ለመጠበቅ የድምፅ ገደብ ስላለ ነው። በዴሲቤል ሲሰላ ልዩነቱ 6 ይሆናል። ከአሜሪካ ያለው ወንድም የላከው እና ከጀርመን ያለችው እህት ይዛ የመጣችው በመልክ አንድ ናቸው። ሁለቱን ቮሊዩሙን ሳይነካ እያቀያየረ የሰማ ሰው የአውሮፓው ፎርጅድ ነው ሊል ይችላል።

እንግዲህ ምን ያህል እኩል መሆን አለባቸው? በዘርፉ የተለመደው ግብ 0.1 ዴሲቤል ነው። ይህም በቮልቴጅ ከ1 በመቶ ትንሽ የሚበልጥ ልዩነት ማለት ነው። 1 ዴሲቤል ደግሞ 12 በመቶ ያህል ነው። በጆሮ ገምቶ 0.1 ላይ መድረስ አይቻልም፤ መለካት ግድ ነው።

መለኪያው ኤሌክትሪሺያኖች የሚይዙት ቴስተር ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በጣም ርካሹ ቴስተር የኤሲ (የተለዋዋጭ ከረንት) ቮልቴጅ መለኪያው ብዙ ጊዜ ከ200 ቮልት ይጀምራል። እኛ የምንለካው ከአንድ ቮልት በታች ስለሆነ አይረባንም። 2 ቮልት ወይም ሚሊቮልት ላይ ኤሲ የሚለካ ያስፈልጋል። ከዚያ አንዱን ቀዳዳ ለሁለት የሚከፍል ስፕሊተር ታገኛላችሁ። በአንዱ ሄድፎኑ፣ በሌላው ቴስተሩ የሚለካበት ጫፉ የተላጠ ገመድ ይሰካል። ሄድፎኑ ሳይሰካ መለካት ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ሄድፎኑ ሲሰካ አንዳንድ አምፕሊፋየር ላይ ቮልቴጁ ይወርዳል። ከዚያ አንድ ወጥ ቶን፣ ማለትም የማይለዋወጥ አንድ ድምፅ፣ ታጫውታላችሁ። ቴስተሮች ለመብራት መስመር ስለሚሠሩ 50 ኸርዝ አካባቢ በደንብ ያነባሉ፤ ቶኑም እዚያ አካባቢ ይሁን። ብዙ ሰው የሚጠቀመው 1000 ኸርዝ ላይ አንዳንዶቹ ይሳሳታሉ። ቶኑ ሲጫወት ሄድፎኑን ከጆሮ አውርዱት። የመጀመሪያው አምፕሊፋየር 0.300 ቮልት ካሳየ፣ ሁለተኛውን በ0.297 እና በ0.303 መካከል እስኪገባ ማስተካከል ነው። የስልኩ ቮሊዩም እርከን ሰፊ ሆኖ አልገባ ካለ፣ የማጫወቻ አፑ ኢኳላይዘር ውስጥ ድምፁን በዴሲቤል ክፍልፋይ የሚቀንስ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ቀኝና ግራውንም ለየብቻ ለኩ። የሚሽከረከር ቮሊዩም ያላቸው ትንንሽ አምፕሊፋየሮች ዝቅ ሲደረጉ ብዙ ጊዜ አንዱ ጎን ከሌላው ይበልጣል። ይህ የታወቀ ድክመታቸው ነው።

ከተስተካከለ በኋላ ዓይንንም ከፍርዱ ማውጣት ያስፈልጋል። የትኛው እንደተሰካ ሳታዩ ሌላ ሰው ይቀያይርላችሁ። ዴቪድ ክላርክ በ1982 በኦዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ላይ ያብራራው ኤቢኤክስ የሚባል ዘዴ አለ። ሀ እና ለ የምንላቸው ሁለቱ መሣሪያዎች የታወቁ ናቸው፤ ሦስተኛው ከሁለቱ አንዱ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን ሰሚው አያውቅም። ይለያል ወይ ነው ጥያቄው። 10 ጊዜ ተሞክሮ 5 ጊዜ ማግኘት በግምትም ይሆናል። 9 ወይም 10 ጊዜ ያገኘ ሰው ግን በእርግጥ የሰማው ነገር አለ፤ ይህን ውጤት በግምት የማግኘት ዕድሉ ከመቶ አንድ ያህል ነው። መቀያየሩ ፈጣን ይሁን። ጆሮ ረቂቅ የድምፅ ልዩነት የሚያስታውሰው ለጥቂት ሰከንዶች ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን በደንብ በተሠሩ አምፕሊፋየሮች መካከል የነበረው ልዩነት አብዛኛው ይጠፋል። ይህን ስል ሁሉም አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። የሚቀር ልዩነት አለ፤ የሚያስደስተኝም እሱ ነው፣ ምክንያቱም እውነተኛው እሱ ነው። ዋናው ከአምፕሊፋየሩ የመውጫ ኢምፒዳንስ የሚመጣ ነው። ኢምፒዳንስ በኦም የሚለካ የመቋቋም መጠን ነው። በውስጣቸው ብዙ ትንንሽ ድምፅ ማመንጫ ያላቸው ኢርፎኖች ኢምፒዳንሳቸው ከድምፅ ድምፅ ይለያያል። አንዱ ኢርፎን ባስ ላይ 40 ኦም፣ ቀጭኑ ድምፅ ላይ 8 ኦም ነው እንበል። የአምፕሊፋየሩ መውጫ 10 ኦም ከሆነ በሁለቱ መካከል የ5 ዴሲቤል መዛባት ይፈጠራል። መውጫው 1 ኦም ከሆነ ከ1 ዴሲቤል ያንሳል። 5 ዴሲቤል ማንም የሚሰማው ነገር ነው። ያው 10 ኦም እንደ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ባለ የ300 ኦም ሄድፎን ላይ ምንም አያመጣም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ይህ አምፕሊፋየር ባሱ ሙሉ ነው» የሚል ሰው በምን ሄድፎን እንደሰማው ካልተናገረ ለሌላ ሰው አይጠቅምም።

ሌላው ኃይል ነው። 1 ቮልት የሚያወጣ ዶንግል ለ300 ኦም ሄድፎን የሚሰጠው 3 ሚሊዋት ገደማ ነው። በዝቅተኛ ድምፅ ለተቀዳ ሙዚቃ ላይበቃ ይችላል። ሲግናሉ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ደግሞ ድምፁ ይሻክራል። ሦስተኛው ሽውታ ነው። ሙዚቃ ሳይጫወት ኢርፎኑን ጆሮ ላይ አድርጎ መስማት ነው፤ አንዳንዱ ሽሽ ይላል፣ አንዳንዱ ጸጥ ይላል። ይህን ለመለየት ማወዳደሪያ ዘዴም አያስፈልግም።

ሱቅ ቆማችሁ ቴስተር ከሌላችሁስ? የስልክ አፕ በሄድፎኑ አጠገብ ይዞ መለካት አያስተማምንም፤ እጅ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ቁጥሩ ይዘላል። የተሻለው ዘዴ ይኼ ነው። በደንብ የምታውቁትን ዘፈን ምረጡና መጀመሪያ ሀን ከለ በጥቂቱ ከፍ አድርጋችሁ ስሙ። ቀጥሎ ለን ከፍ አድርጉት። ምርጫችሁ ቮሊዩሙን ተከትሎ ከሀ ወደ ለ ከተሻገረ ስትሰሙ የነበረው ቮሊዩሙን ነው። ዝቅ ተደርጎም አንዱ ደጋግሞ ካሸነፈ ግን ሻጩን ያንን መሣሪያ ከራሳችሁ ሄድፎን ጋር ትንሽ ረዘም አድርጋችሁ እንድትሰሙት ጠይቁት።