ማንግሩቭን በጋራ ማጥናት ሲባል ምን ማለት ነው?

ማንግሩቭ የባሕር ውኃ በየቀኑ እየሞላ በሚሸሽበት ጭቃማ ዳርቻ የሚበቅል ደን ነው። በሥሮቹ መካከል ዓሣ፣ ሸርጣንና ሽሪምፕ ይራባሉ፤ ማዕበል ሲነሣም ከኋላው ላሉት ቤቶች መከታ ይሆናል።

ይህን ደን በጋራ ማጥናት የሚባለው የዕፅዋት፣ የውኃ፣ የኢኮኖሚ፣ የሕግና የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያዎች ከዳርቻው ነዋሪዎች ጋር ሆነው አንድን ጥያቄ ሲመረምሩ ነው። እያንዳንዱ የየራሱን ምዕራፍ ጽፎ በአንድ ሽፋን ቢጠረዝ የጋራ ጥናት አይባልም። የአንዱ መልስ የሌላውን ጥያቄ መለወጥ አለበት።

ፊሊፒንስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ብዙ ገንዘብ ወጥቶ የማንግሩቭ ችግኝ ለዓመታት ቢተከልም፣ በአብዛኛው የጸደቀው ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ነበር። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙት፦ ችግኙ የገባው ውኃ ለረጅም ሰዓት በሚተኛበት ዝቅተኛ ጭቃ ላይ ነው። ማንግሩቭ ጨው ይችላል፤ ሥሩ አየር ካጣ ግን ይታፈናል።

ታዲያ ለምን ከፍ ባለው ቦታ አልተተከለም? እዚህ ላይ የዕፅዋት ሳይንስ ብቻውን መልስ የለውም። ከፍ ያለው የጥንቱ የማንግሩቭ መሬት ወደ ዓሣና ሽሪምፕ ማርቢያ ኩሬነት ተቀይሯል። ብዙዎቹ ኩሬዎች ዛሬ ሥራ ቢያቆሙም በሊዝ የተያዙ ወይም ይዞታቸው የሚያከራክር ነው። ጭቃው ግን ጠያቂ ስለሌለው ለተከላ ቀለለ። እንግዲህ ችግኙን የገደለው ውኃው ብቻ አይደለም፤ የመሬት ይዞታውም ጭምር ነው። ይህንን ለማየት የሕግ ባለሙያ ያስፈልጋል።

የነዋሪው ዕውቀትም እንደ ጌጥ የሚታከል አይደለም። በኩሬ ግድብ የተዘጋው ውኃ ወደ ድሮ መንገዱ ሲመለስ የማንግሩቭ ፍሬ በአብዛኛው ራሱ ተንሳፍፎ መጥቶ ይበቅላል፤ አንዳንዴ መትከልም አያስፈልግም። ያንን የድሮ መንገድ ደግሞ በዳርቻው ያረጁ ዓሣ አጥማጆች ያስታውሱታል።

በኬንያ ጋዚ የባሕር ወሽመጥ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ «ሚኮኮ ፓሞጃ» በሚባል ፕሮጀክት ተመራማሪዎች በ117 ሄክታር ማንግሩቭ ውስጥ የተከማቸውን ካርቦን ይለካሉ። ከካርቦን ሽያጭ፣ ማለትም ደኑ ካርቦንን ይዞ ስለሚያቆይ ከሌሎች ከሚከፈለው ክፍያ፣ የሚገኘው ገንዘብ ምን ላይ ይዋል የሚለውን የሚወስነው የመንደሩ ሰው ነው፤ ለመጠጥ ውኃና ለትምህርት ቤት ውሏል። እኔ ግን ይበልጥ የማደንቀው ሌላውን ነው፦ የፕሮጀክቱ ሰዎች ደኑ ሲጠበቅ እንጨት ከየት ይመጣል ብለው ጠይቀው፣ ለዚያ የሚሆን ሸውሸዌ የተባለ ዛፍ በየብሱ ላይ ተክለዋል።