ሐሳባችሁን የሚሰርቅ የለም

የአንድ ትንሽ የኮሚክ አሳታሚ አርታኢ ነኝ። ከሚደርሱኝ ፕሮፖዛሎች ብዙዎቹ የሚወድቁት ታሪካቸው ደካማ ሆኖ አይደለም። ላኪዎቹ ስለ ሥራችን የሆነ ቦታ የሰሙትን አምነው ስለሚልኩ ነው። ቀለል ያሉትን ላስቀድም።

«ትንሽ አሳታሚ ያገኘውን ያትማል፣ ምን ያማርጣል?» እንዲያውም የሚያማርጠው እሱ ነው። በዓመት ጥቂት መጽሐፍ የሚያወጣ ቤት በአንዱ ከከሰረ ለሚቀጥለው ማሳተሚያ ከየት ያመጣል?

«እኔ ልጻፍ እንጂ ሠዓሊ እነሱ ይፈልጉልኛል።» ብዙ ትናንሽ ቤቶች ጸሐፊና ሠዓሊ ተጣምረው እንዲመጡ ነው የሚጠብቁት። ሠዓሊ ፍለጋው የእናንተ የቤት ሥራ ነው።

«ሙሉ ስክሪፕት ብልክ ትጋቴ ይታያል።» አይነበብማ! አንድ ገጽ ማጠቃለያና ንግግሩ ሳይቀር የገባባቸው አምስት ስድስት ተከታታይ ገጾች ይበቃሉ። የገጸ ባሕርያት ምስል ብቻውን ግን አይበቃም። ቆንጆ ፊት መሳል ሌላ፣ ያንን ሰው ከፓነል ወደ ፓነል፣ ማለትም ገጹ ላይ ካለ አንድ የሥዕል ሳጥን ወደ ሌላው፣ ማንቀሳቀስ ሌላ።

«ኮሚክ ማለት ልብ ወለድ ላይ ሥዕል መጨመር ነው።» በቅርቡ የደረሰኝን ተመልከቱ፦ «ፓነል 3፦ ሰውየው በሩን ከፍቶ ይገባል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ከዚያ ማልቀስ ይጀምራል።» ፓነል የቆመ ሥዕል ነው። ሠዓሊው ከሦስቱ የቱን ይሳል? ሰውየው ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ በሩ ከኋላው ክፍት እንደሆነ ቢሳል ይበቃል። መግባቱን አንባቢው ራሱ ይደርስበታል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፦ «ሐሳቤን ይሰርቁኛል።» እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

አንዱ «ታሪኩ ጉድ የሚያሰኝ ነው፤ ዝርዝሩን የምነግራችሁ ግን የምስጢር ውል ስትፈርሙ ነው» ብሎ ጻፈልኝ። ምኑን አይቼ ነው የምፈርመው? ሌላዋ እስከ መሐል ግሩም አድርጋ ተርካ፣ «መጨረሻውን ሲታተም ታዩታላችሁ» ብላ ዘጋችው። እኔ እኮ ልቤን የምታንጠለጥሉት አንባቢ አይደለሁም። መጨረሻውን የምጠይቀው የተጀመረው ነገር እልባት እንዳለው ለማወቅ ነው። ገዳዩ ማን እንደሆነ፣ ልጅቷ ትሙት ትዳን፣ ማጠቃለያው ላይ በግልጽ ይጻፍ።

የምስጢር ውል የማንፈርምበትም ምክንያት አለን። በአንድ ሰሞን ጥላዋ የጠፋባት ልጅ ታሪክ ከሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ደረሰኝ። በአንዱ ጥላዋ የሞተ ወንድሟን ተከትሎ ሄዷል። በሌላው ጥላዋ እየሰረቀ እሷ ትታሰራለች። ሐሳቡ አንድ ነው፣ መጽሐፎቹ ግን ጭራሽ አይገናኙም። ለአንዱ ፈርሜ ቢሆን ኖሮ ሌላውን ባተምኩ ማግስት ሌባ እባል ነበር።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት፣ አንቀጽ 9 ላይ የቅጂ መብት ጥበቃ ለአገላለጽ እንጂ ለሐሳብ እንዳልሆነ ይደነግጋል። የቅጂ መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በሆነው በበርን ስምምነት ደግሞ ጥበቃ ለማግኘት ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ስለዚህ «ጥላዋ የጠፋባት ልጅ» የማንም ናት። የጻፋችሁትና የሳላችሁት ገጽ ግን የእናንተ ነው። እኛ የምንጠይቃችሁም እሱኑ ነው።

መስጋት ካለባችሁ ውሉ ላይ ስጉ። የፊልምና የትርጉም መብቱን ለማን ሰጣችሁ? መጽሐፉ አልቆ ድጋሚ ካልታተመ መብቱ መቼ ይመለስላችኋል? እነዚህን ሳይጠይቅ የሚፈርመው ብዙውን ጊዜ ያው መጨረሻውን ሲደብቅ የነበረው ሰው ነው።

ከእኛ ጋር ከመዋዋላችሁ በፊትም ከሠዓሊያችሁ ጋር ተዋዋሉ። በጣም የወደድነው አንድ ሥራ ለማተሚያ ቤት ሊደርስ ሲል ጸሐፊውና ሠዓሊዋ ገጸ ባሕርይዋ የማን ናት በሚል ተጣሉ። በጽሑፍ ያሰፈሩት ነገር ስላልነበረ ሥራውን ትተነዋል። የገጸ ባሕርያቱ ባለቤት ማን ነው፣ ገቢው እንዴት ይከፋፈላል፣ አንዳችሁ ብትወጡ ሥራው ምን ይሆናል? እነዚህን አንድ ገጽ ላይ አስፍሩና ሁለታችሁም ፈርሙ፤ ፕሮፖዛሉን ከዚያ በኋላ ላኩ።