«የዘረመል ምርመራ» ሲባል የሚመረመረው የማን ዘር ነው?

ከዓይን ዕጢ በቀጭን መርፌ የተወሰደ ናሙና «ለዘረመል ምርመራ ይላካል» ሲባል፣ እዚህ ጎጃም ብዙ ቤተሰብ ዘር ማንዘሩ የሚመረመር ይመስለዋል፤ ቃሉ ራሱ ያሳስታል። የሚመረመረው ግን ዕጢው ነው። ጤናማ ሕዋስ የ3ኛው ክሮሞዞም (ዘረመልን የሚሸከም የሕዋስ ክፍል) ሁለት ቅጂ አለው፤ በዓይን ውስጥ ሜላኖማ (ከቀለም ሰጪ ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር) ሕዋሳት ላይ አንዱ ቅጂ ጠፍቶ ከተገኘ፣ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል፣ በተለይም ወደ ጉበት፣ የመዛመት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ለምሳሌ የአንዲት የደጀን እናት ውጤት «አንዱ ጠፍቷል» ቢል፣ ካንሰሩ ጉበታቸው ገብቷል ወይም ልጆቻቸው ወርሰውታል ማለት አይደለም (በዘር የሚተላለፈው ዓይነት ጥቂት ቤተሰቦችን ብቻ የሚነካ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በደም ምርመራ ነው)። ጉበታቸው በቅርብ ክትትል ሊታይ እንደሚገባ ግን ያመለክታል፤ በየስንት ወሩ፣ በአልትራሳውንድ ወይስ በኤምአርአይ የሚለው ከሐኪም ሐኪም ይለያያል።