ጫማ የሚቆልፍ ፔዳል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከፒያሳ ወደ አዘዞ ብስክሌት የሚነዱ የጎንደር ወጣቶች ጫማ ቆልፎ የሚይዘውን ፔዳል በዓይናቸው ይወዱታል፤ በእግራቸው ግን ይፈሩታል። ከፍርሃታቸው አብዛኛው ከተሳሳተ ወሬ የመጣ ነው።

«እግር ይታሰራል፤ ብስክሌቱ ሲወድቅ መውጫ የለም።»

እግር አይታሰርም። ከጫማው ሥር ክሊት የምትባል ትንሽ የብረት ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ በብሎን ትያዛለች፤ ፔዳሉ ላይ ደግሞ በሞላ የሚሠራ መንጋጋ አለ። የክሊቷን አፍንጫ አስገብቶ ወደ ታች ሲረግጡ «ቀጭ» ብላ ትገባለች። ለመውጣት ተረከዝን ወደ ውጭ ማዞር ይበቃል። ወደ ላይ መሳብ ግን አያስለቅቅም፤ ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። በተራ ፔዳል የለመደ እግር ሲደነግጥ የሚያውቀው ወደ ላይ መነሳትን ብቻ ነው።

እኔ የወደቅሁት ልቆም ስል ነው። ከፊቴ ባጃጅ ተሳፋሪ ሊያወርድ ድንገት ቆመ፤ ፍሬን ያዝሁ፤ ቀኝ እግሬን ወደ ላይ ሳብሁ፤ ብስክሌቱም ከነእኔ በቀስታ ወደ ጎን ተጋደመ። ክርኔ ተላጠ። ጥፋቱ የፔዳሉ አልነበረም፤ እግሬን ያሰብሁት ጎማው ከቆመ በኋላ ነው። እግር መውጣት ያለበት ብስክሌቱ ገና እየሄደ ሳለ ነው፤ ከዚያም ሰውነትን ወደ ተፈታው እግር ጎን ማዘንበል ያስፈልጋል።

የፔዳሉ ስምም ያደናግራል። በእንግሊዝኛ «ክሊፕለስ» ይባላል፤ «ያለ ክሊፕ» ማለት ነው። ድሮ ተወዳዳሪዎች እግራቸውን ክሊፕ በሚባል የብረት ቅርጫትና በጠፍር ያስሩ ነበር፤ ለመውጣት ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን በእጅ ማላላት ግድ ነበር። የበረዶ መንሸራተቻ ማሰሪያ ይሠራ የነበረው የፈረንሳዩ ሉክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ቅርጫቱን ያስቀረ ፔዳል አወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ ቤርናር ኢኖ በዚያ ፔዳል ቱር ደ ፍራንስ የተባለውን ታላቅ የብስክሌት ውድድር አሸነፈ። ይህ ፔዳል እግርን ከጠፍር ያላቀቀ መሆኑን ስነግራቸው ብዙዎች ይገረማሉ።

«ሞላው ጠንካራ ነው፤ ለጀማሪ አይሆንም።»

በብዙ የተራራ ብስክሌት ፔዳሎች ላይ ሞላውን የምታላላ ትንሽ ብሎን አለች። በሁለቱም ገጽ የሚቆልፍ ፔዳል ከሆነ በእያንዳንዱ ገጽ አንዳንድ፣ በግራና በቀኙ ፔዳል በጠቅላላው 4 ብሎኖች አሉ። አንዱን ገጽ ብቻ አላልቶ ሌላውን የረሳ ሰው «አንዳንዴ ይለቃል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል» ይላል። አራቱንም እኩል ያላሉ።

«ወደ ላይ ስለሚስብ ዳገት ላይ ጉልበት በእጥፍ ይጨምራል።»

ወደ ጎሐ ሆቴል የሚያወጣውን ዳገት በተስፋ የጀመረ ሰው እዚያው ያዝናል። ጉልበቱ በአብዛኛው የሚመጣው ወደ ታች ከሚረግጠው እግር ነው፤ በተወዳዳሪዎችም ዘንድ እንዲሁ ነው። እውነተኛው ጥቅም እግር በቦታው መርጋቱ ነው፤ ኮብልስቶን ላይ ብስክሌቱ ሲንገጫገጭ አይንሸራተትም። ለእኔ ይህ ብቻውን ይበቃል።

«ማንኛውም ክሊት ለማንኛውም ፔዳል ይሆናል።»

አይሆንም። ባለ 2 ብሎንና ባለ 3 ብሎን ክሊቶች ይለያያሉ፤ ጫማና ፔዳል ሲገዙ አብሮ መፈተሽ ነው። ለጎንደር ባለ 2 ብሎኑን እመርጣለሁ፤ ክሊቷ በጫማው ሶል ውስጥ ገባ ስለምትል ወርዶ ለመራመድ ይመቻል። በክረምት ጭቃ ሲሞላት ስለማትገባ በእንጨት መጎርጎር ነው።

«ጉልበት ቢያምም ይለመዳል።»

ሕመም አይለመድም። ብዙ ጊዜ ክሊቷ ተጣማ ታስራለች ማለት ነው፤ ብሎኑን ፈታ አድርጎ እግር በተፈጥሮው ወደሚያይበት አቅጣጫ ማስተካከል ይገባል።

«ልምምድ መንገድ ላይ ይመጣል።»

በመጀመሪያ ግድግዳ ይደገፉ። አንዱን እግር ብቻ ያስገቡ፣ ያውጡ፤ እግሩ ሳያስብ መዞር እስኪጀምር ይደጋግሙ። ከዚያ ሌላውን እግር። ቀጥሎ ሜዳ ላይ፣ ጎማው ሳይቆም ማውጣት። ባጃጅ ያለበት መንገድ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።