«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ»፦ ጀርመንን የደበደበው የአየር ዘመቻ ሲመዘን

ይህን አባባል ሽማግሌዎች ባለጉዳዮችን ፊት ለፊት አስቀምጠው ሲዳኙ ይሉታል። የጠብ ቅርንጫፉ ብዙ ነው፤ ስድቡ፣ ዱላው፣ የተነቀለው አጥር። አስታራቂ እነዚህን አንድ በአንድ ቢያበርድም ሥሩ፣ ለምሳሌ የወሰን ክርክሩ፣ ካልተነካ ጠቡ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሁለተኛው ሐረግ የውሃ ቀጂ ምክር ነው፦ ከብት ካደፈረሰው በታች አትቅዳ፣ ወደ ምንጩ ውጣ።

ስለዚህ አባባሉ ሁለት ነገር ይጠይቃል። የችግሩ ሥር የቱ ነው? ወሬውስ ከየት ተቀዳ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያና አሜሪካ ያን ሁሉ አውሮፕላንና ሰው ጀርመንን በቦምብ ለመደብደብ ማዋላቸው ብልህነት ነበር ወይ የሚለው ክርክርም የሚፈታው በእነዚሁ ጥያቄዎች ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በወሬው እንጀምር። የብሪታንያ የሌሊት ድብደባ ውጤት በአብዛኛው የሚታወቀው አብራሪዎቹ ተመልሰው በሚናገሩት ነበር። በኦገስት 1941 ከቦምብ ጣዮቹ ላይ የተነሡ ከ600 በላይ ፎቶግራፎች ተመረመሩ። ዒላማውን መትተናል ካሉት ውስጥ 8 ኪሎ ሜትር ድረስ የቀረበው ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ጭስ በሚሸፍነው የጀርመን የኢንዱስትሪ አካባቢ በሩር ደግሞ ከአሥሩ አንዱ። ጥሩው ውሃ ተቀዳ ማለት ነው። የተደረሰበት ውሳኔ ግን ፋብሪካው ካልተመታ ከተማው ይመታ የሚል ሆነ። በ1943 ሀምቡርግ ስትነድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎች አለቁ፤ አብዛኛው የከተማዋ ምርት ግን በጥቂት ወራት ውስጥ አገገመ።

አሜሪካኖቹ ሥሩን ፈልገው ሽዋይንፈርት ወደምትባለው የጀርመን ከተማ ሄዱ። የጀርመን ኩሽኔታ ግማሽ ያህሉ የሚሠራው እዚያ ነበርና። ኦክቶበር 14 ቀን 1943 ከተላኩት 291 ቦምብ ጣዮች 60ው አልተመለሱም፤ በእያንዳንዳቸው አሥር ሰው ነበር። እስከዚያ ድረስ የሚያጅብ ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረም። ጣሪያው ሲፈርስ ከሥሩ ያሉት ማሽኖች ብዙዎቹ ተረፉ። ጀርመኖች የተከማቸውን ኩሽኔታ አወጡ፣ ሥራውን በየቦታው በተኑ፣ ከስዊድን ገዙ፣ የመሣሪያዎቻቸውንም ንድፍ ለወጡ። መቺዎቹ ደግሞ ለወራት አልተመለሱም።

ነዳጅ ግን እውነተኛ ሥር ነበር። ጀርመን ከድንጋይ ከሰል ቤንዚን ታወጣ ነበር፤ የተፈጨው ከሰል በከባድ ዘይት ተለውሶ ከሃይድሮጂን ጋር በ200 አትሞስፌርና ከዚያ በላይ ግፊት ይሞቃል። እንዲህ ያለ ፋብሪካ እንደ ኩሽኔታ ሥራ በየጓዳው አይበተንም። አንድ የጋዝ መጭመቂያ ወይም ዋና ቧንቧ ሲሰበር ሥራው ይቆማል። ድብደባው ሜይ 12 ቀን 1944 ተጀመረ። ከእነዚህ ፋብሪካዎች በኤፕሪል 175,000 ቶን የነበረው የአውሮፕላን ቤንዚን በሴፕቴምበር ወደ 5,000 ቶን ወረደ። በዚያው ዓመት ጀርመን ወደ 40,000 የሚጠጉ አውሮፕላኖች ሠርታለች፤ ነገር ግን የሚነዱበት ቤንዚን አጠረ፣ የአዲስ አብራሪዎች የልምምድ ሰዓትም ተቆረጠ። ለፈንጂ የሚያስፈልገው ናይትሮጅንም ከእነዚሁ ፋብሪካዎች ይመጣ ስለነበር ፈንጂው በጨው እየተቀላቀለ ይሞላ ጀመር።

አንድ ጊዜ መምታት ግን አይበቃም። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የሎይና ፋብሪካ ቶሎ ቶሎ ይጠገን ስለነበር 22 ጊዜ ተመትቷል። ከመጀመሪያው ድብደባ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ በአማካይ ያመረተው ከአቅሙ 9 በመቶ ብቻ ነው። ሥርን መንቀል ማለት ይኸው እየተመላለሱ መምታት ነው፤ ዕቅድ አውጪዎች የሚረሱትም ይህንኑ ነው።

አውሮፕላን በሌላ ቦታ ምን ይሠራ እንደነበር ሳይመዘንም ፍርዱ ሙሉ አይሆንም። በአትላንቲክ መካከል የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች መርከቦችን ያለ ከልካይ የሚያሰጥሙበትን ክፍተት የዘጉት ረጅም ርቀት የሚበሩ ጥቂት ደርዘን ሊበሬተር የተባሉ ቦምብ ጣዮች ናቸው። በሜይ 1943 ብቻ ጀርመን ከ40 በላይ ሰርጓጆች አጣች። የብሪታንያ ቦምብ ጣዮች አዛዥ ሃሪስ ግን አውሮፕላን ለባሕር መስጠትን ይቃወም ነበር፤ በ1944 መጨረሻም ከከተሞች ይልቅ ነዳጅ ይቅደም የሚለውን የአለቃውን፣ የአየር ኃይሉን አዛዥ የፖርታልን ሐሳብ በደብዳቤ ተቃወመ። በጃንዋሪ 1945 ልሰናበት ብሎ ጠየቀ። ፖርታል አላሰናበተውም፤ ዘመቻው በሁለት ልብ እንደተያዘ ቀጠለ።