«ተስማምታችሁ»፦ መገዛትና ውሳኔ በክርስቲያን ትዳር

የተወደዳችሁ ወገኖች፣

ስለ ባልና ሚስት በተማርን ቁጥር «ባንስማማስ? የመጨረሻው ቃል የማን ነው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱን የምንፈልገው ኤፌሶን 5 ላይ ነው። ምዕራፉ ግን ቤት ስለ መቀየር፣ ስለ ብድር፣ ስለ ልጆች ትምህርት ማን ይወስን አይልም። የሚናገረው እያንዳንዱ በሌላው ፊት ራሱን እንዴት እንደሚያኖር ነው።

ደግሞ ብዙ ጊዜ ንባቡን ከቁጥር 22 እንጀምራለን። ሐሳቡ የሚነሣው ግን ከ21 ነው፤ እዚያ መገዛቱ እርስ በርስ ነው። በአንዳንድ እጅግ ጥንታዊ የግሪክ ቅጂዎች ቁጥር 22 የራሱ ግሥ እንኳ የለውም፣ «ተገዙ» የሚለውን ከ21 ይዋሳል። የእኛ አማርኛ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል፤ «ተገዛ» ከሱቅ ለመጣ ዕቃም፣ በጦር ለተያዘ አገርም የምንለው ቃል ነው። ጳውሎስ የሚለው ግን ወድዶ ራስን ዝቅ ማድረግን ነው። ትእዛዙ ለሚስት ተሰጠ እንጂ ባልን «አስገዛት» የሚል የለም። ባል የታዘዘው እንዲወድድ ነው፤ ልኩም ክርስቶስ ራሱን አሳልፎ እስከ መስጠት የደረሰበት ልክ ነው።

«ጴጥሮስ ሣራ ለአብርሃም እንደ ታዘዘች ይናገር የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይናገራል፣ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥6። ዘፍጥረት 21፥12 ላይ ግን እግዚአብሔር አብርሃምን «ሣራ የምትነግርህን ሁሉ ቃልዋን ስማ» ይለዋል፤ አብርሃም የሣራን አገልጋይ አጋርንና ልጅዋን ማሰናበቱ ከብዶት ሳለ። አምስት ምዕራፍ ወደ ኋላ ብንመለስ ደግሞ የሣራን ቃል ሰምቶ አጋርን ሚስት አድርጎ ሲወስድ ቤቱ በጠብ ሲታመስ እናያለን። ስለዚህ ሐሳቡ ከባል መጣ ወይስ ከሚስት የሚለው ብቻውን ትክክለኛነቱን አያረጋግጥም።

ባልና ሚስት አብረው ስለሚወስኑት ነገር ጳውሎስ በግልጽ የጻፈው 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ላይ ነው። ጉዳዩ ለጸሎት ብለው ከመኝታ ስለ መለየት ነው። በቁጥር 4 ባል በሚስቱ፣ ሚስትም በባልዋ ሥጋ ላይ ሥልጣን እንዳላቸው በእኩል ቃል ከተናገረ በኋላ፣ «ባል ይወስን» ሳይል «ተስማምታችሁ» ይላል። ከዚያ ጊዜ ይወስንለታል፣ ዓላማውን ይጠቅሳል፣ መልሰው አብረው እንዲሆኑም ያዛል። ለሌላው ውሳኔም ከእነዚህ አራት ነገሮች የተሻለ መንገድ የምናገኝ አይመስለኝም።

መስማማት ሲባል አንዱ ደክሞት «እንደ ፈለግህ» ማለቱ አይደለም። በአንድ ምሳሌ እንየው። የባል ወንድም ብድር ጠየቀ እንበል። መጀመሪያ ጥያቄውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ወረቀት ላይ አስፍሩት፦ «ይህን ያህል ገንዘብ፣ እስከዚህ ቀን፣ እናበድር ወይስ አናበድር?» ሳይጻፍ ሲቀር ክርክሩ ከብድሩ ወደ ዘመድ፣ ከዘመድ ወደ አምናው ሠርግ ይሄዳል። ከዚያ ሁለታችሁም ለየብቻ ምክንያታችሁን ጻፉ፤ ሦስት መስመር ይበቃል። ቀጥሎ ያለው ከባዱ ነው፦ የራሳችሁን ከመከላከላችሁ በፊት የሌላውን ምክንያት በራሳችሁ አፍ መልሳችሁ ተናገሩ፣ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ። ሚስት «የፈራሁት ገንዘቡ እንዳይጎድል ሳይሆን ወንድምህ ባይመልስ እንዳትኳረፉ ነው» ብላ ይሆናል፤ ባል የሰማው ግን «ቤተሰቤን አትወድም» የሚለውን ነው። መልሶ ሲናገረው ስሕተቱ እዚያው ይጋለጣል። ብዙ «አለመስማማት» እዚህ ላይ ያልቃል።

ሰዓቱም ይታሰብበት። አቢግያ ባልዋን ናባልን ከዳዊት ሰይፍ ካተረፈችው በኋላ ሌሊቱን ምንም አልነገረችውም፤ ሰክሮ ነበርና የወይኑ ጠጅ እስኪለቀው ጠበቀች (1ኛ ሳሙኤል 25፥36-37)። የራበው፣ የደከመውና የተናደደው ሰውም ከዚህ ብዙ አይሻልም። እንግዳ ፊት የተጀመረ ውይይት ደግሞ ውይይት መሆኑ ይቀርና ማሸነፍ ይሆናል።

ውይይቱን ከሚያበላሹት ውስጥ ሁለቱ የመንፈሳዊነት ልብስ የለበሱ ናቸው። አንዱ «ጌታ ተናግሮኛል» ነው። ጌታ ተናግሮ ከሆነ ለአንድ ሥጋ ነውና የትዳር ጓደኛም ይመርምረው፤ ውይይት ለመዝጋት ግን አይጠራ። ሁለተኛው የጸሎት ቡጢ ነው፦ አብሮ ተንበርክኮ «ጌታ ሆይ፣ የእሷን ልብ አለስልስልኝ» ማለት። እሷ እዚያው አጠገቡ ሆና እየሰማች እኮ ነው! ሲጸልዩ እያንዳንዱ ስለ ራሱ ልብ ይጸልይ። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥7 ሚስትን አለማክበር የባልን ጸሎት እንደሚከለክል መናገሩንም ባሎች አንርሳው።

ዝምታስ? በዘኍልቍ 30 ሕግ ሚስት ስእለት ስትሳል ሰምቶ ከቀን ወደ ቀን ዝም ያለ ባል አጽንቶታል ይባላል፤ ቆይቶ ቢያፈርሰው በደሉን የሚሸከመው እሱ ነው። መናገር እየቻለ ዝም ብሎ ነገሩ ሲበላሽ «እኔማ መጀመሪያም አልተዋጠልኝም» የሚል ሰው ይህን ምዕራፍ ያንብበው። በፍርሃት ዝም ያለች ሚስት ግን ተስማማች አይባልም።

ሁሉ ተደርጎም ላይስማሙ ይችላሉ። ሊቆይ የሚችል ከሆነ ቀን ቆርጣችሁ አቆዩት። ሊመለስ የሚችል ከሆነ ለሦስት ወር ሞክሩት። ሊቆይም ሊመለስም የማይችለው ጥቂት ነው፤ እዚያ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ይለያያሉ፣ የመጨረሻውን ቃል ለባል የሚሰጡ አሉ፣ ሁለታችሁም የምታምኑትን አማካሪ ጥሩ የሚሉም አሉ። በእኔ ግምት ባል ቢወስን እንኳ በኤፌሶን 5፥25 መሠረት የውሳኔው ሸክም ቀድሞ የሚያርፈው በራሱ ትከሻ ላይ ሊሆን ይገባል፤ ምቾቱ ለእሱ፣ ዋጋው ለእሷ ከሆነ ጥቅሱን አልፈጸመውም። «የመጨረሻ ቃል» በየወሩ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከሚስት አለመገዛት ሳይሆን ካለመደማመጥ ነው።

መገዛት የማይደርስባቸው ቦታዎችም አሉ። ሰጲራ ከሸጡት መሬት ዋጋ ከፊሉን ለመደበቅ ከባልዋ ከሐናንያ ጋር ተስማምታ ነበር፤ በሐዋርያት ሥራ 5፥9 ጴጥሮስ የሚጠይቃትም «ስለ ምን ተስማማችሁ» ብሎ ነው። «ባሌ ብሎኝ ነው» የሚል ማምለጫ አላገኘችም። ዱላ፣ ዛቻ፣ ገንዘብ መከልከል ባለበት ቤት ደግሞ ይህ ሁሉ የውይይት ሥርዓት አይሠራም፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደኅና ቦታ፣ ሕግና የሚታመን ሰው ነው። «ታገሺ፣ ተገዢ» ብሎ ወደዚያ ቤት መመለስ ትምህርታችን አይደለም።

የተስማማችሁበትን ከነቀኑ ጻፉት፣ ሁለታችሁም የምታዩት ቦታ ይቀመጥ። ቀኑ ሲደርስ ወሬውን የሚጀምረው ሐሳቡ ተቀባይነት ያገኘው ይሁን፤ «እንዴት አየሽው?»፣ «እንዴት አየኸው?» ብሎ። ሐሳቡ ያልተወሰደለት ቀድሞ ከጀመረ ጥያቄው ሁሉ «ነግሬህ ነበር»፣ «ነግሬሽ ነበር» ሆኖ ይሰማል።