ባክአፑ እያለ ኮምፒውተሩ ለምን አልነሳም? ስለ ዲስክ ኢሜጅ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለፈው ክረምት አንድ የኮምቦልቻ አስተማሪ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ፣ በዝናብ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ድረስ መጣ። ከፈትነው። ጥቁር ስክሪን። ከላይ በግራ በኩል አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ሌላ ምንም የለም። "ባክአፕ ነበረኝ እኮ! እሱን መልሼ ነው እንዲህ የሆነው" አለኝ። የሁለት ዓመት ፈተናና የትምህርት ማስታወሻ እዚያ ውስጥ ነበር። "አብሽር" አልኩት። ባክአፑ፣ ማለትም የዲስኩ ሙሉ ቅጂ የሆነው ኢሜጅ፣ ደህና ነበር። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ጎረቤትና ዘመድ ኮምፒውተር ሲበላሽበት እኔ ጋ ይመጣል። የምሰማው ስህተት ደግሞ ሁሌም ተመሳሳይ ነው።

"ፋይሎቼን ፍላሽ ላይ ገልብጫለሁ፤ ይበቃኛል።"

ለፎቶና ለሰነድ ጥሩ ነው። ዲስክ ኢሜጅ ግን ሌላ ነገር ነው። ዊንዶውሱን፣ ፕሮግራሞቹን፣ ሴቲንጉን፣ ኮምፒውተሩ የሚነሳበትን ትንሽ ክፍል ጭምር ሙሉውን ዲስክ እንዳለ ያስቀምጣል። እኛ ሰፈር "ፎርማት ይደረግ" ሲባል ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ኦፊሱን፣ የፕሪንተሩን ድራይቨር፣ የአማርኛ መጻፊያውን አንድ በአንድ መፈለግ አለ። ኢሜጅ ያለው ሰው ይሄ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

"ኢሜጁን አዲሱ ዲስክ ላይ ኮፒ ሳደርገው ይነሳል።"

አይነሳም። ኢሜጁ የታሸገ ጥቅል ነው፤ የሚፈታው ፕሮግራም ይፈልጋል። ያ ፕሮግራም ደግሞ ከፍላሽ መነሳት አለበት፤ ዊንዶውሱ ሞቷልና። ክሎንዚላና ረስኪውዚላ በነፃ ይገኛሉ። ለጀማሪ ረስኪውዚላን እመርጣለሁ፤ በማውስ የሚሠራ ነው። ፍላሹን ዛሬ፣ ኮምፒውተሩ ጤነኛ እያለ አዘጋጁት።

"መልሼው ካልተነሳ ኢሜጁ ተበላሽቷል ማለት ነው።"

ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሁሉንም የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። እባካችሁ አትቸኩሉ።

የአስተማሪው ላፕቶፕ ዊንዶውስ የተጫነው ዩኢኤፍአይ በሚባለው በአዲሱ አነሳስ ነበር። ዲስኩን የቀየረለት ልጅ ፍላሹ እንዲነሳለት ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ገብቶ ወደ ሌጋሲ፣ ማለትም ወደ ድሮው አነሳስ፣ ለውጦታል፤ ሲጨርስ ግን አልመለሰውም። ኮምፒውተሩ መነሻውን በድሮው መንገድ ይፈልጋል፣ የለም፤ ያቺ ሰረዝ ብቻ ትቀራለች። ኤፍ2 ተጭነን ገባን፣ ወደ ዩኢኤፍአይ መለስነው፣ ሴቭ አድርገን ወጣን። የዊንዶውስ ምልክት ሲመጣ ሰውየው ዝም ብሎ ስክሪኑን ያይ ነበር። ሻዩ ቀዝቅዞበታል።

ሌላው ምክንያት ሰማያዊ ስክሪን ነው፤ "ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ" የሚለው። አብዛኛውን ጊዜ ባዮስ ውስጥ ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ ወይም በተቃራኒው ተቀይሮ ነው። ኢሜጁን ባነሳችሁበት ጊዜ ወደነበረበት መልሱት።

ሦስተኛው፦ ኢሜጁን ስታነሱ ሲ ድራይቭን ብቻ መርጣችሁ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋ ገደማ የምትሆነው የመነሻ ክፍል ቀርታለች። በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ መጠገን ይቻላል፤ ግን ያደክማል። ከመጀመሪያው ሙሉውን ዲስክ ምረጡ።

"ፍላሹ ላይ 50 ጊጋ ክፍት ነው፤ ግን ቦታ የለም ይለኛል። ፎርጅድ ነው።"

ፎርጅድ ፍላሽ ገበያ ላይ አለ። ቢሆንም መጀመሪያ የፎርማቱን ዓይነት እዩ። ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት ፎርማት አድርጉት፤ በእርግጥ ውስጡ ያለውን ካወጣችሁ በኋላ።

"የተጠቀምኩት 60 ጊጋ ብቻ ነው፤ ትንሽ ኤስኤስዲ ዲስክ ላይ ይገባል።"

ክሎንዚላ በተለመደው አሠራሩ የሚያየው የዲስኩን ሙሉ መጠን ነው። ከ500 ጊጋ ዲስክ የተነሳን ኢሜጅ 480 ጊጋ ኤስኤስዲ ላይ አልመልስም ሊላችሁ ይችላል። አሳንሰው የሚመልሱ ፕሮግራሞች አሉ። እኔ ግን ስትገዙ እኩል ወይም የሚበልጥ ግዙ እላለሁ።

"ሪስቶር የጠፋውን ብቻ ይመልሳል።"

የዲስክ ኢሜጅ ስትመልሱ መድረሻው ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሌላ ዲስክ ካለ ንቀሉት። ኢሜጁ ያለበትን ኤክስተርናል ዲስክ ደግሞ በስሙና በመጠኑ ለዩ፤ 1 ቴራ የተባለው ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ሆኖ ይታያል።

"በመሃል መብራት ከሄደ አለቀልኝ።"

ኢሜጅ እያነሳችሁ ከሄደ ያ ኢሜጅ አይታመንም፤ ድገሙት። እየመለሳችሁ ከሄደ ዲስኩ ግማሽ ላይ ይቀራል፤ ኢሜጁ ግን የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት ስላልሆነ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ጀምሩ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ሙሉት።

"ሸት ዳውን አድርጌዋለሁ፤ ግን ፕሮግራሙ ኢሜጅ አላነሳም አለ።"

ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። ሸት ዳውን ስትሉ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ግማሹ ተኝቶ ይቆያል፤ ፕሮግራሙም ለዚህ ነው እምቢ የሚለው። ሺፍት ቁልፍን ይዛችሁ ሸት ዳውን በሉት።

"ቬሪፋይ ተሳክቷል ካለ አበቃ።"

ቬሪፋይ ጥቅሉ እንዳልተበላሸ ይነግራችኋል፤ ኮምፒውተሩ እንደሚነሳ ግን አይነግራችሁም። ትርፍ አሮጌ ዲስክ ካላችሁ እዚያ ላይ መልሳችሁ አስነሱት። ከሌላችሁ ቢያንስ በፍላሹ አንድ ጊዜ ተነሱና ዲስኩንም ኢሜጁንም ማየቱን አረጋግጡ። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ያለበት ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ባለ 48 አሃዙን ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፉት።

"ኤክስተርናሉ ሁሌ ከኮምፒውተሩ ጋር ነው፤ አይጠፋም።"

የተሰካ ዲስክን ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ አብሮ ይቆልፈዋል። ሌባም አብሮ ያነሳዋል። ደሴ ላለን ሰዎች ደግሞ ከዚህ የባሰውን ማሰብ አይከብደንም። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ስንቱ ሰው ቤቱን ዘግቶ በእጁ የያዘውን ብቻ ይዞ ወጣ። የልጆች ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቅ ሒሳብ ኮምፒውተር ላይ ቀረ።

የእኔ ሁለተኛ ዲስክ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በየሦስት ወሩ ልጠይቃት ስወርድ አዲሱን አስቀምጬ አሮጌውን ይዤ እመለሳለሁ።